በዘወረደ ሰኞ የደረሰው የማኪያቶ ማሽን

ደብዳቤው የመጣው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት። የምንኖረው ደባርቅ፣ እሷ የምትሠራው ዳባት ስለሆነ በየጠዋቱ በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች። ተወልዳ ያደገችው ግን ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ነው፤ ደብዳቤውም ጎንደር የሥራ ቦታ እንደተገኘላትና ከፈለገች ራሷ እዚያው ቀርባ መልስ እንድትሰጥ የሚገልጽ ነበር። የተቆረጠው ቀን ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ላይ ዋለ። ቆማ አነበበችው፣ ተቀምጣ ደገመችው፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና «ጎንደር ብሆን ቢያንስ ማኪያቶ እጠጣ ነበር» አለች።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። ዝውውር ሦስት ጊዜ ጠይቄ ሦስት ጊዜ «ለከርሞ» ተብያለሁ። ስለዚህ እሷ ሄደች ማለት ብቻዋን ሄደች፣ እኔም ከቅዳሜ እስከ እሑድ ብቻ ባለትዳር ሆንኩ ማለት ነው። ፈራሁ። ከአፌ የወጣው ግን «ጥሩ ነው፤ አስቢበት» የሚል ነበር። የመካነ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ሚስቱን የሚለማመጠው በጠና ስትታመም ብቻ ነው፣ ያውም ሰው ከሌለ።

በማግስቱ ፈተና እየፈተንኩ «ቢያንስ» የምትለውን ቃል እያላመጥኩ ዋልኩ። ደባርቅ ማኪያቶ የለም አይባልም። አለ። ነገር ግን መብራት የመጣ ቀን ማሽኑ ይታመማል፣ ማሽኑ የዳነ ቀን ወተቱ አልቋል፣ ሁለቱ የተገጣጠሙ ቀን ደግሞ ማሽኑን የሚያውቀው ሰውዬ ቱሪስት ይዞ ተራራ ወጥቷል። የፊዚክስ መምህር ክፉ ልማዱ ችግርን ሁሉ አንድ የማይታወቅ ቁጥር ብቻ ያለው ስሌት ማድረጉ ነው። ማኪያቶ ቤት ከገባ ሚስቴ ከቤት አትወጣም አልኩና ስሌቱን ዘጋሁ።

ግድግዳችን ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ፋሲካን በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩ። ማሽኑ ተመርጦ፣ ታዝዞ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ሰጠሁት። ከዚያ እስከ ፋሲካ የሚቀረውን ብቆጥር ሃምሳ አምስት ቀን ሆነ። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ማኪያቶ ካጠጣኋት ጎንደርን ትረሳለች ብዬ እጄን አፋተግሁ። ይህን የቆጠርኩት እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ድቁናም ተቀብያለሁ። ቁጥሩን የሆነ ቦታ የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ግን አልተከታተልኩትም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ የላቦራቶሪ ዕቃ ልገዛ ነው ብዬ ጎንደር ወረድኩ። ባለቤቴ ትወደው የነበረ ካፌ ገብቼ ባንኮኒው ፊት ቆምኩ። ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ክንደ ብርቱ ሴት ነበረች፤ እጀታውን ስትመታው ብርጭቆው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አራት ማኪያቶ በተከታታይ ጠጥቼ ጥያቄዬን ደረደርኩ። ግፊቱ ስንት ባር ነው? ውሃው ስንት ዲግሪ ላይ ይወጣል? ለአንድ ሲኒ ስንት ግራም ቡና?

«መምህር ነህ አይደል?» አለችኝ።

«በምን አወቅሽ?»

«ማስታወሻ እየያዘ ማኪያቶ የሚጠጣ ሰው አይቼ አላውቅማ። ስማኝ፤ ማሽን ማሽን አትበል፤ ዋናው መፍጫው ነው። ቡናው ግማሹ ዱቄት ግማሹ ክክ ከሆነ ውሃው በቀለለው በኩል ሾልኮ ይወርዳል፣ ሌላው ሳይነካ ይቀራል። ቆንጥጠህም ቢሆን ደህና መፍጫ ያዝ። እንፋሎት የሌለው ማሽን ደግሞ እንዳትገዛ፤ ወተቱን በምን ልታስነሳው ነው? ወተት ስታሞቅ ጆጉን በመዳፍህ ያዘው፤ እጅህ አልችልም ሲል አቁም።»

«በቴርሞሜትር ቢሆንስ?»

«እጅ የለህም?»

የስልክ ቁጥሯን ተቀብዬ ወጣሁ። በአራት ማኪያቶ ኃይል እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ልቤ ከሚኒባሱ ሞተር በላይ ሲመታ ተሰማኝ።

አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠው እህል ነጋዴ ለሌላው ተሳፋሪ ስለ ማሽን ሳወራ ሰምቶ ኖሮ «ማሽን አለኝ!» ብሎ ጎትቶ አወረደኝ። ካፌ ሊከፍት አስቦ የተወው ባለ ሁለት እጀታ ማሽን ከስንዴ ጆንያ ጀርባ ተቀምጧል። ስፋቱ የኛን አልጋ ያክላል። አቧራውን በጋቢው ጠርጎ ሲያሳየኝ ልቤ ሸፈተ፤ የምር ወደድኩት። የተራ ቤት መብራት እንደማይችለው ስነግረው ቅር አላለውም። «ምን ችግር አለ፣ ወፍጮ ቤት ትከራይና እዚያ ትተክለዋለህ» አለኝ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት በወፍጮ ቤት ዱቄት መሐል ማኪያቶ ስትጠጣ ለአንድ አፍታ አሰብኩት። ሌላ መኪና ያዝኩና ሄድኩ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኬ ላይ ተደፍቼ ሰነበትኩ። ቡናው በትንሽ ዕቃ ታሽጎ የሚመጣለት ማሽን አየሁ፤ ቁልፍ ተጭኖ መጠበቅ ብቻ። ያችን ዕቃ ግን ባለቀች ቁጥር ማን ደባርቅ ድረስ ያመጣታል? ምድጃ ላይ የምትጣድ የጣሊያን ማፍያም አየሁ። እሷን ተበድሬ ሞከርኩና ጥሩ ጥቁር ቡና ሰጠችኝ፤ ወተት ግን አታስነሳም። መሐል ላይ ደግሞ የከፍታው ነገር ያዘኝ። ቴርሞሜትር ከትምህርት ቤት አምጥቼ ድስት ውስጥ ነከርኩ፤ ደባርቅ ላይ ውሃ ዘጠና ዲግሪ ላይ ደርሶ መፍላት ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ ብትለምነውም አይጨምርም። ይህን ለባለቤቴ በእራት ሰዓት አስረዳኋት። በማግስቱ ስለ ዘጠኝ ባር ግፊት አስረዳኋት። በሦስተኛው ቀን ስለ መፍጫ ጥርስ። እሷ «እሺ» እያለች እንጀራዋን ትጠቀልላለች። ደብዳቤው ከቦርሳዋ አልወጣም፤ እኔም አላነሳሁትም።

በመጨረሻ የመረጥኩት አንድ እጀታና አንድ የእንፋሎት ቧንቧ ያለው፣ ጠረጴዛ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማሽን ነው። መፍጫው በእጅ የሚዘወር ሆነ፤ መብራት ቢሄድ ቢያንስ እሱ ይሠራል ብዬ። የመብራቱን መዋዠቅ የሚያስተካክል ስታብላይዘርም ጨመርኩ። ከአዲስ አበባ ተጭኖ፣ ጎንደር ሁለት ቀን አድሮ፣ የቅበላው ሳምንት አልፎ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደረሰ።

ባለቤቴ ከሥራ ስትገባ ካርቶኑን ከፍቼ ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማኪያቶ ማፍያ። ላንቺ።»

ማሽኑን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ግድግዳውን አየች። «ዛሬ ምንድን ነው?» አለች።

«ሰኞ።»

«የምን ሰኞ?»

እኔም ወደ ቀን መቁጠሪያው ዞርኩ። የዘወረደ ሰኞ። ሃምሳ አምስቱ ቀን ማለት ዐቢይ ጾም ነው። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ከበብኩት ቀይ ቀን ድረስ እዚያ ቤት ወተት አይገባም፤ እሷ ደግሞ ማርገዝና መታመም እንኳ ጾም ያስፈታል ሲሏት ከቄሱ ጋር የምትከራከር ሰው ናት። ካርቶኑ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ሳቀች፤ ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ግድግዳው ተደግፋ እስክትንሸራተት ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ልቤ ግን አልሳቀም።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ከጾም መፍቻ ሰዓት በኋላ ጥቁሩን ተለማመድኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ቡና እንደ ኮሶ የሚመርር ነበር። መፍጫውን አንድ ጥርስ ሳላላው ውሃው ሻይ መስሎ በአራት ሰከንድ ይወርዳል፤ አንድ ጥርስ ሳጠብቀው ማሽኑ ያቃስትና አንዲት ጠብታ ይሰጠኛል። ሁሉንም በደብተር መዘገብኩ። ባለቤቴ ግን «ይኼ መድኃኒት ነው፤ ወተት የሌለው ነገር አልወድም» ብላ ከንፈሯን እንኳ አላስነካችውም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሱፍ። ለፍትፍት የሚጠለለው የሱፍ ውሃ ከወተት በምን ያንሳል? ነጭ ነው፣ ቅባት አለው፣ የጾም ነው። ሱፉን ቀቅዬ፣ ወቅጬ፣ በነጠላ አጥልዬ ጆግ ሞላሁና የእንፋሎቱን ቧንቧ ነከርኩበት። መጀመሪያ ፉጨት ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ያላጠለልኩት ገለባ የቧንቧውን አፍ ዘግቶታል። ስለ ግፊት ለአሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ምን ማድረግ እንደሌለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ጆጉን ከፍ ዝቅ አደረግሁት። ገለባው ተወርውሮ ወጣ፣ ሱፉም ተከትሎት። ኮርኒሱ ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ ባለቤቴ ፀጉር ላይ አረፈ። እሷ ከጉንጯ ላይ በጣቷ ጠርጋ ቀመሰችውና «ጨው አንሶታል፤ እንጀራ ላምጣ?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ቀን ጎንደር ካፌ ላገኘኋት ሴት ደወልኩ። ሳቋን ስትጨርስ «ጾም ነዋ፤ በውሃ ተለማመድ። አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምርበት፤ እንደ ወተት አረፋ ያወጣል። እጅህ እስኪለምድ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሞከርኩት፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ አረፋ። ለፋሲካ እጄ ዝግጁ ይሆናል ብዬ በየቀኑ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሳልሄድ እለማመድ ጀመር።

አንድ ጠዋት አረፋውን ሲኒ ላይ እያንቆረቆርኩ፣ ልብ የሚመስል ነገር ለመሳል ምላሴን ነክሼ ስታገል አከራያችን በሩ ላይ ቆመዋል። የምንኖረው በግቢያቸው ነው፤ አሮጊት ናቸው፣ እማማ ነው የምንላቸው፤ ኮርኒሱን ያረጠብኩባቸውም እሳቸው ናቸው። ሲኒውን አዩ፣ አረፋውን አዩ፣ አማተቡና ሄዱ። እኔ ሰላም ሊሉኝ መጥተው ሥራ ላይ ስላገኙኝ የተመለሱ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የነፍስ አባታችን መጡ። እማማ ከኋላቸው ናቸው። መስቀል ተሳልሜ «ይግቡ አባታችን፣ ይቀመጡ» አልኩ። አልተቀመጡም። ዓይናቸው ማሽኑ ላይ ነው።

«ይኸ ነው ወይ ልጄ?» አሉ።

«የቱ አባታችን?»

«የሚያልበው።»

«እንደ ላም እኮ ነው የሚጮኸው አባታችን!» አሉ እማማ ከበሩ። «ኧረ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ባይኔም አይቻለሁ። እንዴው በዚህ በሁዳዴ፣ በጠዋቱ፣ ወተት! ያውም የመሪጌታ ልጅ!»

ሳሙና መሆኑን ነገርኳቸው። አንዳቸውም አላመኑኝም። በእርግጥ እኔም እነሱን ብሆን አላምንም ነበር፤ ማን ሳሙና በሲኒ ይቀዳል?

«እንዲያ ከሆነ ሥራውና እንየው» አሉ አባታችን።

ውሃ ቀዳሁ፣ አንዲት ጠብታ ሳሙና አደረግሁ፣ ቧንቧውን ከፈትኩ። እንደዚያ ቀን ያማረ አረፋ አውጥቼ አላውቅም። ሲኒው ላይ ሲወርድ ልቡም ተሣለ።

«ይኸው!» አሉ እማማ። «ይኸ ወተት ካልሆነ ምን ወተት ይሆናል!»

አባታችን አጎንብሰው አሸተቱ። «ሎሚ ሎሚ ይላል» አሉ።

«ሎሚ ጨምሮበት ነዋ!»

«እንግዲያው ይቅመሱት አባታችን» አልኩና ወዲያው ምላሴን ነከስኩ። ቀዳሽ ናቸው፤ ገና ቅዳሴ ይገባሉ፤ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። እማማም ጾመኛ ናቸው። ሁለቱም እኔን አዩኝ። ሲኒውን አንስቼ ተጎንጭቼ ዋጥኩት። ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ እንባዬ መጣ፣ «ሳ-ሙ-ና ነው» ልል አፌን ስከፍት አንድ አረፋ ወጥቶ በክፍሉ መሐል ተንሳፈፈ። ሦስታችንም እስኪፈነዳ ድረስ በዓይናችን ተከተልነው።

«ወይኔ ልጄን! እውነትም ሳሙና ነው!» ብለው እማማ ደረታቸውን መቱ። አባታችን ጥምጥማቸውን ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አባታችን፣ ጾም ገደፍኩ ወይ?» አልኩ፤ ሌላ አረፋ ወጣ።

«ሳሙና ምግብ አይደለም፣ አልገደፍክም» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። «አትልመደው ብቻ። ፋሲካ ሲደርስ ለእኔም አንድ ታፈላልኛለህ፤ ያለ ሳሙና።» እማማ ደግሞ ከሐፍረታቸው የተነሣ ለፋሲካ ከገዛ ላማቸው ወተት ሊሰጡኝ ቃል ገቡ።

ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ወሬውን ከግቢው በር ላይ ሰምታ ነው የገባችው። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ሳሙና ጠጣህ?» አለችኝ።

«ጥቂት ነው።»

«ለምን?»

«ወተት አለመሆኑን ለማሳየት።»

ቆማ አየችኝ። አንድ ነገር የምትጠብቅ ዓይነት አስተያየት ነበር፤ ከኔ የሆነ ቃል። እኔም ሳሙና ለምን እንደ ወተት አረፋ እንደሚይዝ ማስረዳት ጀመርኩ። ስጨርስ እሷ ልብስ እየቀየረች ነበር።

ሰሙነ ሕማማት ገባ፤ ማሽኑም በጨርቅ ተሸፈነ። የፋሲካ ዕለት መብራት የለም። ዶሮው ተበላ፣ እንግዳ መጣ፣ እንግዳ ሄደ፣ እኔ በየአሥር ደቂቃው አምፖሉን አያለሁ። መብራት የመጣው ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። እማማ ወተቱን በማለቢያው እንዳለ ይዘውልኝ መጡ፤ ትኩስ፣ ማለቢያው በወይራ የታጠነ።

ባለቤቴ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች። ቡናውን ፈጨሁ፣ ሞላሁ፣ ጠቀጠቅሁ። ጥቁሩ ቀስ ብሎ እንደ ማር ወረደ። ወተቱን በመዳፌ ይዤ አስነሳሁት፣ እጄ አልችልም ሲል አቆምኩ። ሲኒውን ፊቷ አስቀመጥኩት። ማክሰኞ ነገ ነው። ጠጣች። ደግማ ጠጣች።

«ጭስ ጭስ ይላል» አለች።

«ወይራው ነው። ማለቢያው ታጥኖ ነው፤ ወተቱ ሲሞቅ ደግሞ ሽታው...»

«ዝም በል እስቲ።» ሲኒውን አስቀመጠች። «ስለ ዘጠኝ ባር ነገርከኝ። ስለ መፍጫው ጥርስ ነገርከኝ። ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ፣ ሳሙና ለምን አረፋ እንደሚይዝ ነገርከኝ። ሦስት ወር ሙሉ ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አትሂጂ ያልከኝ ቀን አለ?»

«ማሽኑን የገዛሁት ታዲያ...»

«ማሽኑን ተወው። አንተ ብለሃል?»

አላልኩም። ቃሉ አፌ ውስጥ አለ፤ ግን መውጫውን አያውቀውም። አባቴ ለእናቴ ሲላት ሰምቼ አላውቅም፤ ወንድሞቼም ሲሉ አልሰማሁም። ማሽኑን እያየሁ «አትሂጂብኝ» አልኩ።

«ለኔ ነው ለማሽኑ?»

ዞርኩ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከንፈሯ ላይ የወተት አረፋ አለ። «አትሂጂብኝ» አልኳት። «እፈራለሁ። ያላንቺ ይህ ቤት አይሆነኝም።» ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ሲኒውን ወደኔ ገፋ አድርጋ «ሌላ ሥራልኝ፤ ስኳር አብዛበት» አለች። ሠራሁላት። ስትጨርስ ተነሥታ የእማማን ማለቢያ አጠበች፤ ስለ ነገሩ ዳግመኛ አልተነጋገርንም።

ማክሰኞ ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ደብዳቤው ውስጡ ነበር። ከመናኸሪያው የጎንደሩን ሚኒባስ ተሳፈረች፤ ሁልጊዜም የምትሄደው በእሱ ነው፤ ዳባት መንገድ ላይ ነውና። ደህና ዋይ አልኳት፣ መኪናው ሄደ፣ እኔም ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ግፊት ብዬ ጻፍኩና ለምን እንደጻፍኩት ጠፋኝ። ክፍል ውስጥ ስልክ መክፈት ክልክል ነው ብዬ ያወጅኩ እኔ ነኝ፤ የኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ሲጮህ ስልሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ ቀና አለ። አነሳሁት።

«ዳባት ወርጃለሁ» አለች።

ከኋላዋ የሚኒባሱ ረዳት «ጎንደር፣ ጎንደር፣ የቀረ አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። በሩ ሲዘጋ፣ መኪናው ሲሄድ በስልኩ ሰማሁት። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።